ከኮሪን ጋር የተጀመረ መጽሐፍ

ጆስሊን የልጇን ቦርሳ የከፈተችው የምሳ ዕቃዋን ፍለጋ ነበር። እጇ የገባው ግን ለሁለት የታጠፈ ወረቀት ሆነ። አናቱ ላይ በአስተማሪዋ የእጅ ጽሕፈት «በድንች ዕረፍት በየቀኑ ሃያ ደቂቃ እናንብብ!» ይላል፤ ከሥሩ ቀን፣ የተነበበው ገጽና አብሮ ያነበበው አዋቂ ፊርማ። የመጀመሪያው መስመር ላይ የራሷ የጆስሊን ፊርማ አለ። ከዚያ በታች ያሉት ሰባት ፊርማዎች በሙሉ የኮሪን ናቸው። ክብ፣ ጥርት ያለ፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ ፊርማ።

ኮሪን የአዴል እንጀራ እናት ናት።

«አዴል፣ ነይ እስቲ። ይሄ ምንድን ነው?»

አዴል አንድ እግሯን ቦት ጫማ ውስጥ ከትታ ሌላውን ጫማ ትፈልጋለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። «የንባብ ወረቀቴ ነዋ።»

«እሱንማ አየሁት። ሁሉንም ኮሪን ናት እንዴ የፈረመችው?»

«ከእሷ ጋር ነዋ ያነበብኩት።»

«ማታ ማታ እኔ የለሁም?»

«አለሽ» አለች አዴል፣ ሁለተኛውን ቦት ከወንበሩ ሥር እየጎተተች። «ግን ትተኛለሽ።»

ልጅቷ አልዋሸችም። የዕረፍቱ የመጀመሪያ ቀን፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ የድንች ማውጫ ማሽን ላይ ቆማ ከድንቹ መሃል ድንጋይ ስትለቅም ውላ መጥታ፣ ሶፋው ላይ ልጇን አቅፋ «በይ አንብቢልኝ» ብላት ነበር። አዴል ሁለተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ እናትየው ታንኮራፋ ነበር። ጠዋት ስትነቃ ብርድ ልብስ ለብሳ፣ ጫማዋም ወልቆ ጎን ለጎን ተቀምጦ አገኘችው። ወረቀቱ ላይ «2 ገጽ» ተብሎ ተጽፏል፤ እሷም ዓይኗን እያሸች ፈረመች። በማግስቱ ልጅቷ አንብቢልኝ እስክትባል አልጠበቀችም፤ ኮሪን ጋ አንብባ መጣች።

በሸለቋችን ድንች ሲደርስ ትምህርት ቤት ለሦስት ሳምንት ይዘጋል። ድሮ ልጆቹ ራሳቸው ቅርጫት ይዘው ይለቅሙ ስለነበር ነው። ዛሬ ድንቹን የሚያወጣው ማሽን ቢሆንም ዕረፍቱ አልቀረም፤ ወላጆች ማሽኑ ላይ ሲወጡ ልጆች በየዘመዱ ቤት ይበተናሉ። የጆስሊን እናት ሞታለች፤ ወንድሟ ደቡብ ወርዶ ቀርቷል። የቀረው የአባትየው ቤት ነው። አባትየው ሬጂ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ግንድ ጭኖ ጫካ ለጫካ ይዞራል። ስለዚህ «አዴል አባቷ ጋ ናት» ማለት «ኮሪን ጋ ናት» ማለት ነው። ኮሪን ከምትሠራበት አረጋውያን መጦሪያ ለድንቹ ወቅት ፈቃድ ስለወሰደች በየቀኑ ቤቷ ትውላለች።

ጆስሊን ሬጂን ለመርሳት ሁለት ዓመት ፈጅቶባታል፤ ረስታዋለችም። ኮሪንን ግን መርሳት አልቻለችም። ክፉ ሴት ብትሆን ኖሮ እንዴት በቀለላት! ኮሪን ግን አትጮህ፣ አትመጻደቅ፣ የልጅቷን ጸጉር አሳምራ ትጎነጉናለች፣ የተቀደደ ካልሲዋን ሳይነገራት ትሰፋለች። እንከን የሌላት ሴት ለመጥላት እንኳ አትመችም።

የዚህ ወረቀት ነገር ግን ከሁሉም ባሰ። በጸደይ ወራት አስተማሪዋ ጠርታ «አዴል በንባብ ከክፍል ጓደኞቿ ወደኋላ ቀርታለች፤ ቤት ውስጥ ካላነበበች በሚቀጥለው ዓመት ይከብዳታል» ብላት ነበር። ጆስሊን በጋውን ሙሉ ታገለች። መጽሐፍ ገዛች፣ አይስክሬም ቃል ገባች፣ ለመነች፣ ጮኸች፣ ቴሌቪዥኑን ነቀለች። ልጅቷ አፏን እንደ ቀንድ አውጣ ሰብስባ አንድ ገጽ ታነብና «አለቀ?» ትላለች። አሁን በሰባት ቀን ዘጠና አራት ገጽ! ጆስሊን አረሰች፣ ኮሪን አጨደች።

መኪና ውስጥ ገብተው መንገድ ሲጀምሩ ላትጠይቅ ምላ የነበረውን ጠየቀች።

«ለመሆኑ ስለ ምንድን ነው?»

«ስለ ፈረስ!» አዴል ወንበሯ ላይ ተስተካክላ ተቀመጠች። «ቲልዳ የምትባል ልጅ አለች። ዓይኗ የማያይ አሮጊት ፈረስ አለቻት። አንድ ቀን ጠዋት ስትነሣ ፈረሷ የለችም፤ ማን እንደወሰዳት አይታወቅም። እኔ ጎረቤትየው ነው እላለሁ፣ ምክንያቱም ይሰርቃል። ኮሪን ደግሞ የከብት ሐኪሙ ነው ትላለች። ሁለታችንም ወረቀት ላይ ጽፈን ጠቅልለን ስኳር ዕቃ ውስጥ ከተነዋል። የተሸነፈ ለአንድ ሳምንት ሳህን ያጥባል።»

«ታዲያ መጽሐፉን ቤት አምጪውና አብረን እናንብበዋ።»

«አይሆንማ! ቃል ተገባብተናል። አንዳችን ሌላችንን ቀድመን አንዲት ገጽ አናነብም። መጽሐፉ ከኮሪን መደርደሪያ አይነሣም።»

«ከእናትሽም ቢሆን?»

አዴል አሰበች። «አንቺ መጀመሪያውን አታውቂውም እኮ» አለች፣ በደንብ አስረድታ የጨረሰች መስሏት።

ያን ቀን ጠዋት እርሻው ውርጭ ለብሶ ነበር። ድንች በርዶ ከተነቀለ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ገበሬው ቴርሞሜትሩን አፈር ውስጥ ሰክቶ «ይበቃል» እስኪል ሠራተኛው በየመኪናው ተቀምጦ ይጠብቃል። ታንት ጌይል እንደ ልማዳቸው የሻይ ፔርሙዛቸውን ይዘው ጆስሊን ፒካፕ ውስጥ ገቡ። ሸለቆው በሙሉ «ታንት»፣ ማለትም አክስት እያለ የሚጠራቸው፣ ለአርባ ዓመት ድንጋይና ጓል ከድንች የለዩ ሴት ናቸው።

«ምነው ፊትሽ? የበሰበሰ ድንች ነክሰሽ ነው?»

«ልጄን ወሰደችብኝ፣ ታንት ጌይል።»

«ማን?»

«ማን ትሆናለች! ኮሪን ነቻ።»

ታንት ጌይል ሻያቸውን ፉት አሉ። «ሬጂን ስትወስድ እንኳ እንዲህ አልሆንሽም።»

«ሬጂን ከነካልሲው ትውሰደው፤ ገላገለችኝ። ይቺ ግን ልጄ ናት! ለእኔ አንድ ገጽ በምጥ የምታነብ ልጅ ለእሷ ዘጠና አራት ገጽ አነበበችላት።»

«ታዲያ ልጅቷ አነበበች አይደል? የማን ሶፋ ላይ እንደሆነ ምን አገባሽ?»

«ያገባኛል!»

«አያገባሽም አላልኩም» አሉ ታንት ጌይል። «እኔም እኮ ትልቁ ልጄ ለአማቴ ብቻ እየሳቀ ሲያናድደኝ ወተቷን በጨው ልበጠብጥባት ነበር።»

«አደረጉት?»

«አንዴ ብቻ» አሉና ፔርሙዛቸውን ከድነው ወረዱ፤ ገበሬው እጁን እያውለበለበ ነበር።

ከሦስት ቀን በኋላ ከባድ ዝናብ ጣለ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ትራክተሩ ጭቃ ውስጥ ሰመጠና ሥራው ቆመ። ሌሎቹ ስለጎደለችው የቀን ደሞዝ ሲያጉረመርሙ ጆስሊን ደስታዋን መደበቅ አቃታት። አንድ ሙሉ ቀን! ሳይደክማት፣ ሳትተኛ፣ ከልጇ ጋር። ከነጭቃዋ ወደ ኮሪን ቤት በረረች።

በረንዳው ላይ ወጥታ ልታንኳኳ ስትል ድምፅ ሰማች። በመስኮቱ ስታይ ሁለቱ ሶፋው ላይ አንድ ብርድ ልብስ ውስጥ እግራቸውን ከተው ተቀምጠዋል። አዴል ታነባለች። ስትደናቀፍ አትደነግጥም፤ ተመልሳ ታነሣዋለች። የቲልዳ አያት የሚናገሩበት ቦታ ላይ ስትደርስ ድምፅዋን አወፍራ፣ አገጯን ደረቷ ላይ ቀብራ፣ እንደ ሽማግሌ እየሳለች አነበበች። ኮሪን አፏን በትራሱ ይዛ ትስቃለች።

ጆስሊን ያን ድምፅ ሰምታው አታውቅም። ልጇ ሽማግሌ መሆን እንደምትችል አታውቅም ነበር። በቅናት እጇን ወደ በሩ ስትሰነዝር ከማንኳኳት ይልቅ መምታት ሆነባት።

ኮሪን ከፈተች። «ጆስሊን! ምነው፣ ደኅና?»

«ሥራ ቆመ። ልጄን ልወስድ ነው።»

«እማ፣ ምዕራፉን ልጨርስ? አራት ገጽ ነው የቀረኝ።»

«ቤት እናነባለን። ተነሺ።»

ኮሪን የእናትና ልጅን ፊት አየች። መጽሐፉን ከሶፋው አንሥታ ለአዴል ዘረጋችላት። «ውሰጂው የኔ ቆንጆ፤ ከእማ ጋር ቀጥይው። እኔ በኋላ እደርስባችኋለሁ።»

«አይሆንም! ቃላችንስ?» አዴል መጽሐፉን ቀምታ መደርደሪያው ላይ መለሰችው።

ቤት ገብተው ጆስሊን በጋ ላይ ከገዛቻቸው መጻሕፍት አንዱን አወጣች፤ ሻይና ብስኩትም አቀረበች። አዴል መራራ መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው አንድ ገጽ አነበበች።

«ሃያ ደቂቃ ሞላ?»

«አራት ደቂቃ ነው።»

«አይ እንግዲህ!» አለችና እርሳሶቿን አውጥታ ፈረስ መሣል ጀመረች።

ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍት ሄዱ። አዴል የዓሣ ገንዳው ዘንድ ስትቆም ጆስሊን ወደ ሠራተኛዋ ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ያ ዓይነ ስውሯ ፈረስ ያለችበት የልጆች መጽሐፍ፣ ሌላ ቅጂ አለ?»

«አዴል ወስዳዋለች እኮ።»

«ለእኔ ነው።»

«ጎሽ!» አለች ሠራተኛዋ፣ ፊቷ በርቶ። «ሁሉም ወላጅ እንዳንቺ ቢሆን ኖሮ እኔ ሥራዬ በቀለለኝ ነበር።» ጆስሊን ምስጋናውን ሳትመልስ መጽሐፉን ካፖርቷ ውስጥ ሸጎጠችው።

መጀመሪያ ላይ ያሰበችው ክፉ ነገር አልነበረም። ታሪኩን ካወቀችው ከልጇ ጋር የምታወራው ነገር ታገኛለች፤ እንደ ኮሪን «ወይኔ! ከዚያስ?» ትላለች፤ በቃ ይኸው ነው። ቀጥሎ ያሉት ሦስት ጠዋቶች ውርጭ ነበራቸው። አፈሩ እስኪሞቅ መሪው ላይ መጽሐፉን አስደግፋ አነበበች። ታንት ጌይልን ሁለት ቀን ከመኪናዋ አባረረቻቸው። ከትምህርት ቤት ከወጣች ወዲህ አንድ መጽሐፍ ጀምራ ጨርሳ አታውቅም፤ ይሄኛው ግን ያዛት። በሦስተኛው ጠዋት የመጨረሻውን ገጽ ስታነብ አፍንጫዋን በጓንቷ ትጠርግ ነበር። ፈረሷን አሳልፈው የሰጧት ለካ አያትየው ናቸው! አሮጊቷ ፈረስ ልትሞት መሆኑን ስላወቁ፣ ስትሞት የልጅ ልጃቸው እንዳታያት ብለው፣ ማለዳ ጎትተው ሩቅ አገር ላለ ገበሬ አስረከቧት። ከዚያም መጽሐፉን ሙሉ ከልጅቷ ጋር አብረው ሲፈልጓት ኖሩ።

ጆስሊን መጽሐፉን ከድና እንባዋን ስትጠርግ የመጣላት ሐሳብ ግን ስለ ፈረስ አልነበረም። «አሁን እኔ አውቃለሁ» አለች በልቧ። «ኮሪን አታውቅም።» ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ስትወረውር ይህቺ ሐሳብ አሞቀቻት።

ማታ የዶሮ ወጥና ፕሎይ የሚባለውን ቀጭን ቂጣ አቅርባ ተቀመጡ። አዴል ቂጣዋን ቅቤ ቀብታ ትጠቀልላለች፤ አፏ ግን አያርፍም።

«ኮሪን ዛሬ እንዴት እንደጮኸች! ሐኪሙ መኪና ላይ የፈረስ ጸጉር ተገኘ። ኮሪን ‹ያው፣ ብዬ አልነበር!› አለች። ግን ኮሪን ደግሞ ሐኪሙ ብዙ ፈረስ ስለሚያክም የሌላ ፈረስ ጸጉር ሊሆን ይችላል አለች። ከዚያ ኮሪን…»

«ብይ።»

«እየበላሁ ነው። ኮሪን ከሰው ሁሉ ጎበዝ ገማች ናት፣ እማ። በፊልም ላይ እንኳ ሌባውን ቶሎ ነው የምታውቀው። የማሸንፋት አይመስለኝም።»

«ኮሪን ምንም አታውቅም» አለች ጆስሊን።

«ታውቃለች!»

«አታውቅም አልኩሽ። ሐኪሙም አይደለም፣ ጎረቤትየውም አይደለም። አያትየው ናቸው።»

አዴል የጠቀለለችው ቂጣ አፏ ደጃፍ ላይ ቆመ።

«ፈረሷን አሳልፈው የሰጧት አያትየው ናቸው። ልትሞት ስለነበረ ነው። አንብቤዋለሁ፣ እስከ መጨረሻዋ ገጽ! እኔም ማንበብ እችላለሁ፤ ኮሪን ብቻ አይደለችም የምታነበው።»

እስከዚህ ድረስ ድምፅዋ ውስጥ ድል ነበረ። ከዚያ የልጇን ፊት አየች። አዴል አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻል ነበር። ቂጣውን ሳህኑ ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

«ለምን ነገርሽኝ?»

«ሾርባው ይበርዳል» አለች ጆስሊን፤ ሾርባ እንኳ አልነበረም።

የዕረፍቱ የመጨረሻ ሳምንት ነበር። ረቡዕ ማታ ጆስሊን ልጇን ልትወስድ ስትመጣ አዴል ቀድማ መኪና ውስጥ ገባች። ኮሪን ግን ካፖርት እንኳ ሳትደርብ ተከትላ ወጥታ በጆስሊን በኩል ያለውን መስኮት አንኳኳች። ጆስሊን ከመኪናው ወርዳ በሩን ዘጋች።

«ጆስሊን፣ አዴል አሟት ይሆን እንዴ?»

«ደኅና ናት። ምነው?»

«ሁለት ቀን ሆናት፣ መጽሐፉን አትከፍትም። ሁለት ምዕራፍ ብቻ ቀርቶን! ‹ሰልችቶኛል› ትለኛለች። እንዴት አንዴ ይሰለቻል? እንደዚያ ስትወደው ቆይታ?» የኮሪን አፍንጫ ቀልቷል፤ ከብርዱ ብቻ አይመስልም። «እስቲ እውነቱን ንገሪኝ፤ የተናገርኳት ነገር አለ? ስትደናቀፍ አርሜያት፣ አስቀይሜያት ይሆን? እኔ ልጅ አሳድጌ አላውቅም፤ ሳላውቅ አጥፍቼ ከሆነ…»

«እኔ እንጃ» አለች ጆስሊን። «ልጅ ናት፤ ይሰለቻታል።»

«እሺ» አለች ኮሪን፣ ክንዶቿን አቅፋ። «ካልሽ እሺ።»

መኪናው ተንቀሳቀሰ። እንግዲህ ጆስሊን አሸንፋለች። ኮሪን ደጃፏ ላይ ተክዛ ቆማለች፤ ብርድ ልብስ ተካፍሎ መሳቅ ቀርቷል፤ ሰኞ ትምህርት ሲከፈት ደግሞ ሁሉም ይረሳል። ከሳምንት በላይ ስትመኘው የኖረችው ይሄንኑ ነበር። አሁን እጇ ሲገባ ግን ምንም ጣዕም አጣችበት።

«አዴል።»

«እ?»

«እኔ መጨረሻውን እንደነገርኩሽ ለኮሪን ለምን አልነገርሻትም?»

አዴል ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። በመንገዱ ግራና ቀኝ የተነቀለው እርሻ ባዶውን ተኝቷል።

«ብነግራት ትናደድብሻለች» አለች። «አሁን ደግሞ ትንሽ ትንሽ ልትወድሽ ጀምራለች።»

«ታዲያ ዝም ብለሽ አታነቢላትም?»

«ካነበብኩላት ፊቴን አይታ ታውቅብኛለች። ኮሪን ጎበዝ ገማች ናት አልኩሽ እኮ። ስለዚህ ሰልችቶኛል ካልኩ ይሻላል። እንደዚያ ካልኩ ማንም ማንንም አይጣላም።»

ጆስሊን መሪውን ያዘች እንጂ መንገዱን አላየችውም። አፈረች፤ አንገቷ ድረስ ጋላት። ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጅ የእናቷን ጥፋት ለመሸፈን የምትወደውን መጽሐፍ ዘግታ አስቀምጣለች። በሕይወቷ የወደደችውን የመጀመሪያ መጽሐፍ! «ወደኋላ ቀርታለች» የተባለችው ልጅ ናት ይህቺ።

የድንች መጋዘኑ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ ግቢ ላይ ስትደርስ መኪናውን አዞረች።

«የት ነው የምንሄደው?»

«የረሳሁት ነገር አለ።»

ኮሪን በሩን ስትከፍት የወጥ ማንኪያ ይዛ ነበር። አዴል እናቷ ጀርባ ተደብቃለች።

«ምን ረሳችሁ?»

ጆስሊን በመንገድ ላይ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት። «እንዳትቀየሚኝ» የሚል መግቢያ፣ «ሳላስበው» የሚል ምክንያት ነበረው። በሩ ሲከፈት ሁሉም ጠፋባት።

«መጽሐፉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አለች። «ከቤተ መጻሕፍት ሌላ ቅጂ ተውሼ አነበብኩት። ከዚያ መጨረሻውን ነገርኳት። አልሰለቻትም፤ አንቺም ምንም አላጠፋሽም።»

ኮሪን ማንኪያውን ዝቅ አደረገች። «ለምን?»

«ቀንቼ።»

እስካሁን በቁጣ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ ሰው ሰምቷት የማያውቃት ኮሪን ቀላች። «አንቺ ሴትዮ ምን ዓይነት ሰው ነሽ? ሁለት ቀን ሙሉ ምን በደልኳት ብዬ እህል አልበላሁም! ማታ ማታ ስለዚያች ፈረስ ሳስብ አድራለሁ፣ እዚያ መደርደሪያ ላይ እያየሁት ቃሌን ላለማፍረስ ጀርባዬን እሰጠዋለሁ፣ አንቺ ግን…»

«አውቃለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ። እንዲያውም መጨረሻው እኮ…»

«እንዳትናገሪ!» ኮሪን ማንኪያውን ጥላ ጆሮዎቿን በሁለት እጇ ደፈነች። «አንዲት ቃል እንዳትወጣሽ! ሰማሽ? ላ ላ ላ ላ!»

ከጆስሊን ጀርባ ሳቅ ተሰማ። አዴል ነበረች፤ ሆዷን ይዛ ትስቃለች።

«ኮሪን፣ አንቺ አሁንም አታውቂም ማለት ነው?» አለች ሳቋ ሲበርድ።

«ከየት አውቄ!»

«እኔ ግን አውቃለሁ።» ልጅቷ ይህን ቀስ ብላ፣ ራሷን እያዳመጠች ነበር የተናገረችው። ነገሩ ገና አሁን የገባት ይመስላል። «ላንብብልሽ? ዛሬውኑ?»

«ወጤ ይረር፤ ግቢ!»

አዴል ቦት ጫማዋን ወርውራ ሮጠች፤ መጽሐፉን ከመደርደሪያው አውርዳ ሶፋው ላይ ወጣች። ጆስሊንም ጃኬቷን ልታወልቅ ዚፗን ያዘች። ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት።

«እማ፣ አንቺ ውጪ ጠብቂ።»

«ለምን?»

«ፊትሽ ያሳብቃል።»

«የአንቺስ ፊት?»

«የእኔን በመጽሐፉ እከልለዋለሁ።»

ጆስሊን ወጥታ በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ፀሐይ ገብታ መሬቱ መቀዝቀዝ ጀምሯል፤ ነገም ጠዋት ውርጭ ነው። መኪናው ውስጥ ማሞቂያ አለ። እሷ ግን ከደረጃው አልተነሣችም፤ ከበሩ ጀርባ የልጇ ድምፅ እየተቆራረጠም ቢሆን ይሰማል። ቃሉ አይለይም፤ ወፍራሙ የሽማግሌ ድምፅ ሲመጣ ግን ለየችው። ቀናች። ይቅርታ መጠየቁ ቅናቷን ይዞላት የሚሄድ መስሏት ነበር፤ አልሄደም። በዚያች ሰዓት በሸለቆው ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ መርጣ የኮሪንን ቦታ ቢሰጧት በወደደች።

በሩ ተከፈተ። ኮሪን ብርድ ልብሱን ትከሻዋ ላይ ጥላ አንገቷን ብቅ አደረገች። ዓይኖቿ እንባ አቅርረዋል።

«ግቢ እንጂ፣ ብርዱ ይገድልሻል። አዴልም ትግባ ብላለች። የመጨረሻዋን ምዕራፍ ለሁለታችንም ላነብ ነው አለች።»

«የት ደረሳችሁ? ፈረሷን አገኟት?»

«ገና ነው። አያትየው አንድ የደበቁት ነገር… አይ፣ አትንገሪኝ!»

ጆስሊን በኮሪን ትከሻ ላይ አሻግራ አየች። አዴል ጣቷን ገጹ መሃል ከትታ ትጠብቃለች። ሶፋው ሰፊ ነው፤ በግራዋ ኮሪን የተነሣችበት ቦታ አለ፣ በቀኟ ደግሞ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ አለ። እዚያ ብትቀመጥ የልጇን የጸጉር ሽታ እያሸተተች ያን ድምፅ ከቅርብ ትሰማዋለች።

«ጀምራችሁታል፤ አብራችሁ ጨርሱት» አለች። «እኔ እዚሁ ነኝ።»

ከዚያም እጇን ዘርግታ በሩን ራሷ ከውጪ ዘጋችው።